«ገባኝ» ያለኝ ልጅ

ፍሬሽ ተማሪዎችን ለሚያግዙ አዲስ ሜንተሮች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የተናገርኩት ነው። ከቅጂው ላይ ገልብጬ ጻፍኩት። መንተባተቤን ብቻ ቀንሻለሁ።

ሰላም ነው? እንዴት ዋላችሁ?

ከምሳ በኋላ እንዲናገር የተመደበ ሰው ዕድሉ ጠማማ ነው። የካፌው ሽሮ ገና ሆዳችሁ ውስጥ ነው። አዳራሹ ደግሞ ይሞቃል። ስለዚህ ብታንቀላፉ አልቀየምም። አንድ ነገር ሰምታችሁ ተኙ። እሱም «ገባኝ» ስለምትባለው ቃል ነው።

ሜንተር የሆንኩት ሦስተኛ ዓመት ኤሌክትሪካል ሳለሁ ነው። እውነቱን ለመናገር ስሙን ወድጄው ነበር። ባጅ የሚሰጡኝም መስሎኝ ነበር፤ አልሰጡኝም። ግሬዴ ደህና ስለነበር ሌላ ምንም የሚጎድለኝ አልመሰለኝም። ማቲ እችላለሁ፣ የማይችል ልጅ ይመጣል፣ አሳየዋለሁ። በቃ።

የመጀመሪያው ተማሪዬ ወረቀቱን በአራት አጥፎ ይዞ መጣ። ላይብረሪ ጥግ ላይ ተቀመጥን። ጥያቄው ሊሚት ነው። ከላይ ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 4፣ ከታች ኤክስ ሲቀነስ 2። ኤክስ ወደ 2 ሲጠጋ ስንት ይሆናል? ልጁ 2ን አስገብቷል። ዜሮ ለዜሮ መጥቶበታል። እዚያ ጋ ቆሟል። ከቁጥሮቹ አጠገብ ብዙ ጊዜ ተጽፎ የተሰረዘ ነገር አለ። ወረቀቱ ሊቀደድ ትንሽ ቀርቶታል።

እኔ እስክሪብቶውን ተቀበልኩት። «ተቀበልኩት» ስል አሳምሬው ነው፤ ነጠቅኩት ብል ይሻላል። የላይኛውን ፋክተር አደረግኩ፦ ኤክስ ሲቀነስ 2 ሲባዛ በኤክስ ሲደመር 2። ከላይና ከታች የተመሳሰለውን አጣፋሁ። 2ን አስገባሁ። 4 መጣ። ሥሩን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

«ገባህ?» አልኩት።

«አዎ፣ ገባኝ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ገባኝ፣ አመሰግናለሁ።»

በአንድ ቁጭታ ስድስት ጥያቄ ሠራሁለት። ስድስት ጊዜ «ገባህ?» አልኩት፣ ስድስት ጊዜ «ገባኝ» አለኝ። እኔም አስተማሪነት የተፈጠርኩበት ነገር እንደሆነ እያሰብኩ ዶርም ገባሁ።

ሚድ ወጣ። ልጁ ከ30 ሰባት አመጣ።

ይህንን የሰማሁት ከእሱ አይደለም። እሱ ጠፋ። ስልክ ብደውል አያነሳም። አንድ ቀን ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ ሲቀይር አየሁት። ለካ ሼም ይዞታል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሻይ ልንገዛ የተሰለፍንበት ላይ ተገጣጠምን። ማምለጫ አልነበረውም። «ምን ሆነህ ነው የጠፋኸው?» አልኩት። ወደ ጫማው እያየ «አንቺ ስትጽፊው ቀላል ይመስላል» አለኝ።

ይቺን ነገር ዶርም ገብቼ ሳብሰለስላት አደርኩ።

እንግዲህ «ገባኝ» ውሸት ነው ለማለት አልፈልግም። ሰው ቤት ሄዳችሁ «ብሉ እንጂ» ስትባሉ «ጠገብኩ» እንደምትሉት ነው። ሆዳችሁ ስለመሙላቱ የሚናገረው ነገር የለም። ይሉኝታ ነው። ሲኒየር ጊዜዋን ሰውታ ስታስረዳኝ እንዴት «አልገባኝም» እላለሁ? ሁለተኛ ጊዜ ካስረዳች በኋላማ እንዴት አድርጎ! ሦስተኛው ላይ ራሱ ደነዝ እንደሆነ አምኖ ይቀመጣል። እናም «ገባህ?» ብዬ ስጠይቀው የጠየቅኩት ስለ ሊሚት አይደለም። «አስተማሪነቴ ጥሩ ነው አይደል?» ነው ያልኩት። ጨዋ ልጅ ስለሆነ «አዎ» አለኝ።

ቆይቼ የገባኝ ነገር ደግሞ አለ። የልጁ ችግር ሊሚት አልነበረም። ፋክተር ማድረግ ነው የማይችለው። ያ ደግሞ የ9ኛ ክፍል ነገር ነው። 9ኛ ክፍል መቼ እንደነበር ስጠይቀው «2012» አለኝ። አስታወሳችሁ? መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና ገባ ተብሎ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ያ ሴሚስተር ሳይማሩት አለፈ። ከተማ ያለው ልጅ በቴሌግራም የሚላክለትን አነበበ። የእኔ ተማሪ ግን ሰፈሩ ኔትወርክ ስላልነበረው ከብት ሲጠብቅ ከረመ። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ያቺ ክፍተት አብራው ገባች። ሌክቸረሩ ያቺን መስመር «ፋክተር ስናደርገው» ብሎ ነው የሚያልፋት። እኔም እንደዚያው አለፍኳት።

እስክሪብቶው እሱ እጅ ላይ ቢቆይ ኖሮ በሁለት ደቂቃ አየው ነበር።

ስለዚህ ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ነገር አቆምኩ። «ገባህ?» ማለት አቆምኩ። የተማሪን እስክሪብቶ መንካትም አቆምኩ። ሁለተኛው እጅግ ከባድ ነው። እጄ ላይ እስከመቀመጥ ደርሻለሁ። አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ሰው ሲሳሳት እያዩ ዝም ማለትን የመሰለ ፈተና የለም።

ይሄ ነገር የእኔ ግኝት አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ወንድም ወይም አጎት ያላችሁ ታውቁታላችሁ። የኔታ አንድ ናቸው፣ ተማሪው ብዙ ነው። ስለዚህ ቀደም ያለው ተማሪ ጀማሪውን ያስቀጽለዋል። ጀማሪው የኔታ ፊት ሲቀርብ «ገባህ ልጄ?» የሚለው የለም። «በል» ነው የሚባለው። ያለውን ይላል። የሳተበት ቦታ እዚያው ይሰማል። የአብነቱ ትምህርት ሽምደዳ ይበዛዋል የሚል ክርክር እንዳለ አውቃለሁ፤ ዛሬ እሱ ውስጥ አልገባም። እኔን የሚገርመኝ ግን አፉን የሚከፍተው ተማሪው መሆኑ ነው።

በዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ ይሄንን በሥርዓት ከያዙት መካከል አሜሪካ ያለው የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የካንሳስ ሲቲ ካምፓስ ይገኝበታል። ጊዜው 1973 ነው፣ በፈረንጅ። ዲያና ማርቲን የምትባል ሴት ናት ያቋቋመችው። መጀመሪያ ለሕክምና፣ ለጥርስ ሕክምና እና ለፋርማሲ ተማሪዎች ነበር። ቀደም ብሎ ኮርሱን በጥሩ ውጤት ያለፈ ተማሪ ይመረጣል። ከዚያ ክፍል ገብቶ ሌክቸሩን እንደገና ይከታተላል። ኖት ይይዛል። ከዚያ በየሳምንቱ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ያወያያል። ጥያቄ ሲመጣለት አይመልስም፤ ወደ ቡድኑ ይመልሰዋል። ክፍል እንደገና መግባቱ ላይ አስምሩበት። እኛ «ይሄን ኮርስ እኮ ኤ ነው ያመጣሁት» ብለን ሃንድአውቱን እንኳ ሳናይ እንሄዳለን። ዘንድሮ ሌክቸረሩ ተቀይሯል፣ ምልክቱን በሌላ ፊደል ነው የሚጽፈው፣ ልጁ የባሰ ግራ ይጋባል።

ከሁሉ የወደድኩላቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ደካማ ተማሪ አይፈልጉም፤ ከባድ ኮርስ ነው የሚፈልጉት። ከተመዘገቡት ተማሪዎች 30 በመቶው ወይም ከዚያ በላይ ዲ ወይም ኤፍ የሚያገኙበት ወይም አቋርጠው የሚወጡበት ኮርስ «ከባድ» ይባላል። ድጋፉ ለዚያ ኮርስ ይሰጣል። ማንም ተማሪ መምጣት ይችላል፤ የኤም የኤፍም። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ይሉኝታን ግን ከሥሩ ነው የሚነቅለው። እዚያ ክፍል ስትገባ የሚያይህ ሰው «ይሄ ልጅ ወድቋል» አይልም።

እኛ ጋ ምን እናደርጋለን? የውጤት መግለጫ ሰሌዳ ላይ «የሚከተሉት ተማሪዎች ቱቶሪያል እንድትገቡ» የሚል ዝርዝር እንለጥፋለን። መታወቂያ ቁጥር ነው የሚለጠፈው፣ ግን ዶርሜ የዶርሜውን ቁጥር አያውቅም? ከዚያ ሰው አልመጣም ብለን እንገረማለን። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ 50 በመቶ ላልደረሱ ልጆች የሚሰጠውን ማካካሻ ትምህርት፣ «ሬሜዲያል» የሚለውንም ስም አስቡት። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 ደግሞ 3.2። ከ100 ተማሪ 97ቱ አልደረሰም ማለት ነው። 97 ሰው አንድ ላይ ሰነፍ ሊሆን አይችልም። ሆኖም በሬሜዲያል የገባ ልጅ ፍሬሽ ላይ ከደረሰ በኋላ እንኳን በምን እንደገባ ሲጠየቅ ድምፁ ዝቅ ይላል። ሙድ የሚይዝበትም አይጠፋም።

ዩሪ ትሪስማን ስለሚባል ሰው ልንገራችሁ። በ1970ዎቹ፣ አሁንም በፈረንጅ፣ በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር። ካልኩለስ ላይ ጥቁር ተማሪዎች በብዛት ይወድቃሉ፣ ቻይናውያን አሜሪካውያን ደግሞ ጥሩ ይሠራሉ። ለምን? መምህራኑን ሲጠይቅ መልሳቸው ዝግጁ ነው፦ ፍላጎት የላቸውም፣ መሠረት የላቸውም፣ ቤተሰብ አይደግፋቸውም፣ ድህነት ነው። ግምቱ አላረካውም። 20 ጥቁር እና 20 ቻይናውያን ተማሪዎችን ይዞ መኖሪያቸው ድረስ ሄዶ ሲያጠኑ ተመለከታቸው።

ጥቁሮቹ ክፍል አይቀሩም። የቤት ሥራ በሰዓቱ ያስገባሉ። በሳምንት ወደ 8 ሰዓት ያጠናሉ። ግን ብቻቸውን። ቻይናውያኑ እስከ 14 ሰዓት ያጠናሉ፤ ከዚያ ውስጥ 8 ወይም 10 ሰዓቱን ለየብቻ። የቀረውን ማታ አንድ ላይ ተቀምጠው፣ እየበሉ፣ መልስ እያስተያዩ። አንዱ የሳተውን ሌላው ያርመዋል። ሁሉም የሳቱት ጥያቄ ካለ ጥያቄው ከባድ እንደሆነ ያውቃሉ። ብቻውን ያለው ልጅ ግን ያ ጥያቄ ሲያቅተው የሚያስበው ሌላ ነው፤ «እኔ ነኝ የማልችለው» ይላል።

ትሪስማን ለእነዚህ ልጆች ማካካሻ ትምህርት አልከፈተላቸውም። ይልቅ ጠንከር ያለ ጥያቄ እየሰጠ በቡድን እንዲሠሩ የሚያደርግ ወርክሾፕ ከፈተ። ጎበዞች የሚጠሩበት ቦታ አደረገው። ካልኩለስ ላይ ውጤታቸው በእጅጉ ተሻሻለ።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ እኛስ 1ለ5 ነበረን» ማለታችሁ አይቀርም። ነበረን። በ2000ዎቹ አጋማሽ ታላቅ ወንድሜ ተማሪ ነበር። አምስት ልጆች አንድ ጎበዝ መሪ ይመደብላቸዋል። ወረቀቱ ላይ ከትሪስማን ሐሳብ ብዙም አይርቅም። ወንድሜ እንደሚለው ግን ሐሙስ ማታ አንድ ልጅ አልጋው ላይ ተጋድሞ ቃለ ጉባኤ ይጽፍ ነበር። «ሁሉም አባላት ተገኝተዋል። ስለ ምዕራፍ ሦስት ሰፊ ውይይት ተደርጓል።» አንደኛው አባል ኳስ ሜዳ ነው፣ ሌላው ተኝቷል። መሪው ሁሉንም አሳይመንት ይሠራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ። ሪፖርት ስለተጠየቀ ሪፖርት ተመረተ። እናንተም ወርኃዊ ፎርም ይሰጣችኋል። ሙሉ፣ ግዴታ ነው። ፎርሙን ለመሙላት ብላችሁ ግን ልጅ አትጥሩ።

አሁን ወደ ሥራው። ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚይዘው ነገር ጥያቄ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። «ልባረር ነው?» የሚል። ይሄ ፍርሃት ጭንቅላቱ ውስጥ እያለ ሊሚት አይገባም። ስለዚህ ካልኩሌተር አውጡና አብራችሁ አስሉ። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ እያለቀሰች መጣች። ያለችበትን ነጥብ አላሰላችውም፣ ፈርታ። 18 ክሬዲት ወስዳለች፣ የነጥቧ ድምር 33 ነው። 33 ለ18 ሲካፈል 1.83። 2.00 ያስፈልጋታል። አንዲት ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ላይ ዲ አላት። ያቺ ዲ ሲ ብትሆን በየክሬዲቱ 1፣ በድምሩ 3 ነጥብ ይጨመራል። 36 ለ18፣ ልክ 2.00። እስክሪብቶው እጇ ላይ ነበር፣ ራሷ ናት ያሰላችው። «አንዲት ሲ ናት እንዴ?» አለችኝ። ለቅሶው ቆመ ማለት አልችልም፣ ግን ጠባይዋ ተቀየረ። ዓለም ከመደርመስ አንዲት ሲ ወደ መሥራት ወረደላት። የየግቢው ደንብ ስለሚለያይ ዋርኒንግና መባረር የት ላይ እንደሆነ፣ ኮርስ መድገም እንዴት እንደሚሠራ ሬጅስትራር ጠይቃችሁ ያዙ። ከዶርም ወሬ አትውሰዱ።

አንድ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ። ቋንቋ።

ከሶማሌ ክልል የመጣ ተማሪ ነበረኝ። አማርኛው እንደ እኔ ሶማሊኛ ነው ማለት ይቻላል፤ የለም። እንግሊዝኛው ለማንበብ ይበቃዋል፣ ለመናገር ግን ይፈራል። ዴሪቬቲቭ ላይ ነን፤ ኩርባ አንድ ነጥብ ላይ ምን ያህል እንደሚያዘነብል፣ ማለትም ስሎፑን፣ የምናገኝበት። «ስሎፕ ምንድን ነው?» ስለው ኖቱ ላይ ያለውን ፍቺ ነጥብ እንኳ ሳይስት ይልልኛል። መሸምደዱ ግልጽ ነው። ግን ገብቶት ይሁን አይሁን በምን ልወቀው? አንድ ቀን ዶርሜውን ይዞት መጣ፤ የአገሩ ልጅ ነው፣ የሶሻል ተማሪ። ድንገት መጣልኝና «ለእሱ በሶማሊኛ አስረዳው» አልኩት።

ጀመረ። ግራፍ ሣለ። እጁን እያወራጨ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ያ ዝምተኛ ልጅ ሌላ ሰው ሆነ። እኔ አንድ ቃል አልገባኝም። ኩርባው ላይ ሁለት ነጥብ አደረገ፣ በመስመር አገናኛቸው፣ ዶርሜው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሁለተኛውን ነጥብ ወደ መጀመሪያው እያስጠጋ መጣ። እያስጠጋ፣ እያስጠጋ፣ ነጥቦቹ ሊነካኩ ሲሉ እጁ አየር ላይ ቆመ። ዶርሜው አንድ ነገር ጠየቀው። መልስ የለም። ወደ እኔ ዞረ።

ያቺ ናት። ሁለቱ ነጥቦች አንድ ሲሆኑ መስመሩ ምን እንደሚሆን ነው ያልገባው። በአንድ ወር ጥያቄ ያላገኘሁትን በማላውቀው ቋንቋ በአምስት ደቂቃ አየሁት። ዶርሜው ምን ብሎ እንደጠየቀ ቆይቼ ጠየቅኩት። «ሁለት ነጥብ ከሌለ መስመሩን በምን ታሰምረዋለህ?» ነው ያለው። የሶሻሉ ልጅ! ለሁለት ሳምንት ያንን ጥያቄ ነበር የሠራነው።

ስለ ድንበር በአጭሩ። አሳይመንት አትሠሩላቸው። የድሮ ፈተና አካፍሉ፣ መልሱን ግን ለብቻው ያዙ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት በቴሌግራም ለሚመጣ ጥያቄ ጠዋት መልሱ። እኔ ሜንተር በሆንኩበት የመጀመሪያ ዓመት ሌሊት እየመለስኩ የራሴን ሰርኪት ኮርስ በሲ ነው የወጣሁት። ልጁ ምግብ ካልበላ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ስለ መሞት ካወራ ያ የእናንተ ሥራ አይደለም፤ ግን ጥላችሁትም አትሂዱ። ክሊኒኩ ወይም የተማሪዎች ዲን ቢሮ በር ድረስ አብራችሁ ሂዱ። «እዚያ ሂድ» ብሎ መጠቆምና አብሮ መሄድ አንድ አይደለም።

ያ የመጀመሪያው ልጅ ምን ሆነ የምትሉ አላችሁ፤ ፊታችሁ ላይ ይታየኛል። ሻይ ሰልፉ ላይ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሰልፉ ላይ ያለ ሁሉ ዞሮ አየን። ሲኒየር ፍሬሽ ይቅርታ ስትጠይቅ አይተው አያውቁም መሰለኝ። በነጋታው መጣ። ከፋክተሪንግ ጀመርን። አንድ ጥያቄ 25 ደቂቃ ፈጀበት፣ እኔ እጄ ላይ ተቀምጬ። ማቲውን በሲ አለፈ። እኔ ኤ ያመጣበት መስሎ ተሰማኝ፣ እሱ ግን ሲውን አይቶ «ትንሽ ቀረኝ ለቢ» ብሎ ተናደደ።

ይበቃል፣ ወሬ በዛ። ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ። ሁለት ሁለት ሁኑ፣ ከማታውቁት ሰው ጋር ቢሆን ይመረጣል። አንዳችሁ ከዲፓርትመንታችሁ አንድ ጥያቄ ምረጡ፣ ሌላው ከዚያ ዲፓርትመንት ውጪ ይሁን። ጥያቄውን የሚሠራው የማያውቀው ሰው ነው። የሚያውቀው ሰው እጁን ወንበሩ ሥር ያድርግ። «ገባህ?» ያለ ሰው ማታ ሻይ ይጋብዛል። 10 ደቂቃ አላችሁ። አንቺ ከኋላ፣ እጅሽን አየሁት፣ መልሺው!